ሳ ዴክ፦ በሜኮንግ ዳር ከአንድ ቤተሰብ ጋር ዘጠኝ ሌሊት

መጀመሪያ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። 81 ዓመት የሞላቸው እናት ፊት ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። «እንዴት ነዎት? ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፍኩና ስልኩ በቬትናምኛ እንዲያነብልኝ አደረግኩ። ሲያነብ ቤቱ ጸጥ አለ። የልጅ ልጃቸው አፏን በእጇ ያዘች። ለካ ስልኩ ለእሳቸው የመረጠው ቃል «ባን» ነው፤ ጓደኛ እንደማለት። አንድ የማናውቀው እንግዳ ቤታችን ገብቶ አያታችንን «አንቺ፣ እንዴት ነሽ?» ቢላቸው ምን እንደምንሆን አስቡት።

እሳቸው አልተቀየሙኝም። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ሁለት ነገር ጠየቁኝ። መጀመሪያ ዕድሜዬን፣ ከዚያ ለእናቴ ስንተኛ ልጅ እንደሆንኩ። ልጅቷ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ ታስተረጉማለች። 34 ዓመቴ ነው፣ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ አልኩ። «እንግዲያው ሃይ ነሽ» አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በዚያ ቤት ስሜ ሃይ ሆነ።

ሃይ ማለት ሁለት ነው። በደቡብ ቬትናም የመጀመሪያ ልጅ «ሁለት» ይባላል፣ ተከታዩ «ሦስት» ይባላል፣ እንዲያ እያለ ይወርዳል። የቤቱ አባወራ ለእናታቸው ሦስተኛ ልጅ ናቸው፤ ስለዚህ «ቹ ቱ» ይባላሉ። ቱ አራት ነው። ቹ ደግሞ ከአባት የሚያንስ አጎት ነው። ባለቤታቸው ሲያገቡ የባላቸውን ቁጥር ወስደው «ቲም ቱ» ሆነዋል። ትልቋ እናት ለሁላችንም «ኖይ» ናቸው፤ የአባት እናት።

«እኔ» የሚለውም እንደኛ አንድ ቃል አይደለም። ከኖይ ጋር ሳወራ ራሴን «ኮን» ብዬ እጠራለሁ፤ ልጅ ማለት ነው። «ልጅ በልታለች»፣ «ልጅ ልትተኛ ነው» እንደማለት። ከልጅቷ ጋር ስሆን ግን «ቺ ሃይ» ነኝ፤ የሁሉ ታላቅ እህት። ከቬትናም ቤተሰብ ጋር ለማደር ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከሻንጣም ከቪዛም በፊት ይህን እወቁ። እዚያ ቤት ቦታችሁ እስኪታወቅ ድረስ ማንም እንዴት እንደሚያናግራችሁ አያውቅም። ዕድሜያችሁን ሲጠይቋችሁ፣ አግብታችኋል ወይ፣ ወልዳችኋል ወይ ሲሉ፣ ወንበር እየፈለጉላችሁ ነው። በደስታ መልሱ። እኛ ደግሞ ለዚህ አዲስ አይደለንም፤ ጋሼ፣ እትዬ፣ እታለም እያልን ያደግን ሰዎች ነን።

ይህ የሆነው በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ነው፤ በእኛ ጥር 2016፣ ጥምቀትን አክብሬ እንደወጣሁ። ሳ ዴክ ከሜኮንግ ሁለት ዋና ክንዶች አንዱ በሆነው በቲየን ወንዝ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ሜኮንግ ከቲቤት አምባ ተነሥቶ ቻይናን፣ ምያንማርን፣ ላኦስን፣ ታይላንድንና ካምቦዲያን ነካክቶ ቬትናም ሲደርስ ይበታተናል። ያንን የታችኛውን አገር «ኩው ሎንግ» ይሉታል፤ ዘጠኙ ድራጎኖች።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ አበባ ነው። ሆለታ አጠገብ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ጽጌረዳው ለፌብሩዋሪ 14 አውሮፓ እንዲደርስ በቀዝቃዛው ክፍል እያሸግን ያነጋንባቸውን ሌሊቶች አልረሳም። ሳ ዴክም እንዲሁ ለአንድ ቀን የምትኖር ከተማ ናት። የእሷ ቀን ግን ቴት ነው፣ የጨረቃው አዲስ ዓመት። ታን ኩይ ዶንግ በሚባለው የአበባ መንደር ተክሉ መሬት ላይ አይቀመጥም። በእንጨት መደርደሪያ ላይ ከፍ ብሎ ይደረደራል፤ ከሥሩ ውኃ ነው። ውኃው ሲሞላ ገበሬው በመደዳዎቹ መሃል በትንሽ ጀልባ እየሄደ ይንከባከባል። በቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ እንደ ኳስ ክብ ብሎ የሚያብበው ቢጫ ክሪሳንቲመም የሳ ዴክ መታወቂያ ነው። ለወራት ተለፍቶበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሸጣል። የቴት ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ያልተሸጠ አበባ ዋጋ የለውም። ይህን ጭንቀት እኔ አውቀዋለሁ።

ጉዞውን ባጭሩ ልበል። ከኦገስት 15 ቀን 2023 ጀምሮ ቬትናም ለማንኛውም አገር ዜጋ በኢንተርኔት ቪዛ ትሰጣለች፣ እስከ 90 ቀን። ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር ከፈልኩ። ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለው እኛን ያደናግራል። ከፓስፖርቱ ፎቶ ገጽ ግርጌ ያለውን መስመር አይታችሁ እንዳለ ገልብጡት። ከአዲስ አበባ በባንኮክ አድርጌ ሆ ቺ ሚን ከተማ ገባሁ፤ ሰዉ አሁንም ሳይጎን ነው የሚላት። ሚየን ታይ ከሚባለው መናኸሪያ የሳ ዴክ አውቶቡስ ያዝኩ። ከሦስት ሰዓት በላይ ሄድን። ቲየንን በድልድይ ስንሻገር ወደ ታች ተመለከትኩ፤ ስፋቱ ያስፈራል። ሚ ቱዋን የሚባለው ድልድይ በ2000 እስኪከፈት ድረስ መኪናውም ሰዉም በጀልባ ነበር የሚሻገረው። ኖይ በኋላ እንደነገሩኝ ከቴት በፊት ባለው ሳምንት ጀልባው ጋ ወረፋ ይዘው አንድ ሙሉ ሌሊት አሳልፈዋል።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ያሳለፍኩት ግን እነሱ ቤት አይደለም። በኢንተርኔት «ሆምስቴይ፣ ከቤተሰብ ጋር» የሚል አይቼ ከፍዬ ነበር። ስደርስ ያገኘሁት ስድስት ተመሳሳይ ክፍሎች ያሉት ሕንፃና ቁልፍ የሚሰጥ አንድ ወጣት ነው። ቤተሰቡ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ እኔ የመጣሁበት ግን እሱ አልነበረም። ሆምስቴይ የሚለው ቃል እዚያ ለትንሽ ሆቴልም ይውላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጻፉና ጠይቁ፦ ባለቤቶቹ እዚያው ቤት ያድራሉ? ማታ አብረን ነው የምንበላው? የሚያበስለው ማነው? የእውነት ቤተሰብ ከሆነ መልሱ ውስጥ የሰው ዘመድ ስም ይገባል፤ «እናቴ ታበስላለች» ይሏችኋል።

በማግስቱ ጠዋት የሩዝ ኑድል የምትሸጥ ሴትዮ ጋ ተቀምጬ በምልክትና በስልክ ችግሬን አስረዳኋት። ስልኳን አነሣች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቲም ቱ በሞተር መጡ። የራስ ቁር ሰጡኝ። በቬትናም ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ የራስ ቁር ግዴታ ነው፤ ለአጭር መንገድም ቢሆን እንዳትተዉት። ቤት እንደደረስን መጀመሪያ የተጠየቅኩት ፓስፖርቴን ነው። አትደንግጡ። የውጭ አገር ሰው ያሳደረ ሁሉ ለአካባቢው ፖሊስ ማስመዝገብ አለበት። እንዲያውም ፓስፖርት ሳይጠይቅ የሚያሳድራችሁን ቤት ተጠራጠሩ፤ ምዝገባ ላይ ከሌለ ችግሩ ለእነሱም ለእናንተም ነው።

ቀኑ ጃንዋሪ 25 ነበር። በጨረቃ አቆጣጠራቸው የአሥራ ሁለተኛው ወር አሥራ አምስተኛ ቀን። እኔ ይህን አላውቅም። ያየሁት ሰዉ ሁሉ ግቢ ውስጥ አንድ ዛፍ ከቦ ቅጠል ሲነቅል ነው። ዛፉ «ማይ» ይባላል። በግዕዝ ውኃ ከሚለው ቃል ጋር መገጣጠሙ በዚያ ውኃማ አገር ደስ ብሎኛል። አበባው ቢጫ ነው፤ ያለ እሱ የደቡብ ሰው ቴትን አከበርኩ አይልም። ቅጠሉ በዚህ ሰሞን ከተነቀለ አበባው ልክ ለአዲስ ዓመት ይፈነዳል። ቹ ቱ እምቡጦቹን በጣታቸው እየዳበሱ ሲመረምሩ ነበር። እምቡጡ ትልቅ ከሆነ ጥቂት ቀን ይጠበቃል። ትንሽ ከሆነ ይፈጠናል። ብርዱም ሙቀቱም ይታሰባል።

ቦርሳዬን አስቀምጬ እጄን ታጠብኩና ከዛፉ ሥር ገባሁ። ማንም ነይ፣ ሥሪ አላለኝም። ቲም ቱ አሳዩኝ፦ አንድ እጅ ቅርንጫፉን ይይዛል፣ ሌላው ቅጠሉን አንድ በአንድ ይነቅላል። እምቡጡ ከቅጠሉ ጥግ ነው ያለው፤ ከቸኮላችሁ አብሮ ይወጣል። ሁለት ሰዓት ያህል ነቀልን። አንድም ቃል ሳንግባባ የዚያን ቀን ከስልኩ ይልቅ ዛፉ አስተዋወቀን። እና ዋናው ምክሬ ይህ ነው፤ ስትደርሱ እጃቸው ላይ ያለውን ሥራ ያዙ። ሩዝ መልቀምም ይሁን፣ ሽንኩርት መላጥም ይሁን። «አይ አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ» ይላሉ፤ እኛም እንላለን። ሁለተኛ ጊዜ ተነሡ።

ማታ ንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ጫማ በር ላይ ቀርቷል። በመሃል ትልቅ ሰሃን፣ ዙሪያውን ትናንሽ ጎድጓዳ ሳህን። ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት ትልልቆቹን በየስማቸው «ኖይ ይብሉ፣ አባባ ይብሉ» እያሉ ይጋብዛሉ። እኔም ተከተልኩ። ኖይ በቾፕስቲካቸው ጥሩ ጥሩውን እያነሡ የእኔ ሩዝ ላይ ያስቀምጣሉ። ይህ ጉርሻ ነው፤ አፍ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ሳህን ላይ ያርፋል እንጂ። እምቢ አይባልም። ሲበቃችሁ «ኖ ሮይ» በሉ፤ ጠገብኩ ማለት ነው። ሳህናችሁን ባዶ ካደረጋችሁት ይሞላል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቾፕስቲኩን ሩዙ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉት። ለሙታን የሚተከል የዕጣን እንጨት ይመስላል። እኔ ከማድረጌ በፊት ልጅቷ እጄን ያዘችኝ።

ያን ማታ ሥጋ አልነበረም። ቶፉ፣ እንጉዳይና አትክልት ብቻ። ኖይ በጨረቃው ወር አንደኛና አሥራ አምስተኛ ቀን ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አይበሉም። «አን ቻይ» ይሉታል። እኔ ደስ አለኝ። በማግስቱ ዓርብ ነበርና «ነገ ደግሞ የእኔ ቀን ነው» አልኩ። ልጅቷ ስታስተረጉም ኖይ ጭኔን መታ መታ አደረጉኝ። የእሳቸው ጾም ዛሬ፣ የእኔ ነገ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ስለ ጾም የተጠየቅኩት በክብር ነው።

ለምትጾሙ ዝርዝሩ ይህ ነው። «ቻይ» የሚለው ቃል በየገበያው ይታወቃል፤ በትልቁ የጻፉበት ምግብ ቤትም ሞልቷል። ከእኛ ጾም ጋር ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። አንዳንዱ ቤት እንቁላልና ወተት ይጨምርበታል፤ እነሱን ለይታችሁ ተናገሩ። ቻይ ባልሆነ ወጥ ውስጥ ደግሞ «ኑክ ማም»፣ የዓሣ መረቅ፣ እንደ ጨው ነው የሚገባው። አትክልት ብቻ ቢመስልም ውስጡ አለ። የአኩሪ አተሩ «ኑክ ቱንግ» ይባላል፤ እሱን ጠይቁ። ቡናቸው በጣፋጭ የታሸገ ወተት ነው የሚጠጣው፤ በጾም ቀን ጥቁሩን በሉ። ለማስረዳት የከበደኝ ቁርስ አለመብላቴ ነው። ቲም ቱ ታምሜ መስሏቸው ሦስት ጊዜ ግንባሬን ነኩ። ከዋዜማው ማታ ብትነግሯቸው ይሻላል፤ አለበለዚያ በጠዋት ተነሥተው ያበሰሉት ይባክናል።

የአሳማ ነገርም አለ። ሳ ዴክ በሩዝ ኑድሏ፣ «ሁ ቲዩ» በሚሉት፣ የታወቀች ናት። መረቁ የሚፈላው በአሳማ አጥንት ነው። ሥጋውን ብታወጡትም መረቁ አለ። ቤት ውስጥም በአሳማ ስብ የሚጠብስ አይጠፋም። እኔ የደረስኩ ቀን ልጅቷን አስጽፌ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ አስለጠፍኩ፦ አሳማ አልበላም፣ በስቡም። ማንም አልተቀየመም። ሙስሊም ለሆናችሁ ደግሞ ካምቦዲያ ድንበር አካባቢ ቻው ዶክ የምትባል ከተማ አለች፤ በዙሪያዋ የሚኖሩት ቻም የሚባሉ ሕዝቦች ሙስሊሞች ናቸው፤ መስጊድም ሐላል ምግብም እዚያ ታገኛላችሁ። በመከር ጊዜ የሩዝ ማሳ አይጥ የሚበላበት አገር መሆኑንም ልንገራችሁ። ካልፈለጋችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ፈገግ በሉ፣ ከአጠገቡ ያለውን አትክልት አንሡ። ይገባቸዋል።

የበላሁትን ሳልነግራችሁ ግን አልፍም። «ካን ቹዋ» የሚሉት ጎምዛዛ የዓሣ ሾርባ አለ፤ ተማሪንድ፣ አናናስና ቲማቲም ይገባበታል። ሙቀት በወጣበት ቀን እንደሱ የሚያነቃ አላየሁም። «የዝሆን ጆሮ» የሚሉት ጠፍጣፋ ዓሣ ደግሞ ሙሉውን ተጠብሶ በቁሙ ይቀርባል። ሥጋውን ታነሡና ከቅጠላ ቅጠል ጋር በስስ የሩዝ ወረቀት ትጠቀልላላችሁ። እዚህ ላይ እጄ ከሁሉም ፈጠነ። ቹ ቱ «የት ተማርሽ?» አሉኝ። እንጀራ ላይ አልኩ፤ ስለ እንጀራ አንድ ሰዓት አወራን።

አሁን ስለ ቡናው። ለስጦታ የተቆላ ቡና፣ ትንሽ ጀበና፣ ስድስት ሲኒና አንድ ጭብጥ ዕጣን ይዤ ነበር። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት። አብዛኛው ግን ሮቡስታ ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ መራራ። «ፊን» በሚሉት ትንሽ የብረት ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። እሑድ ከሰዓት ሁሉም ቤት ነበሩ። በኖይ ሙቀጫ ወቀጥኩት። በሸክላ ምድጃቸው ላይ ጀበናውን ጣድኩ። ከዚያ ሳላስብበት፣ ሁልጊዜ እንደማደርገው፣ ፍም አውጥቼ ዕጣኑን ጨመርኩ።

ጭሱ ሲነሣ ኖይ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ንጹሕ ልብስ ለብሰዋል። «ለማን ነው?» አሉኝ።

መጀመሪያ ጥያቄው አልገባኝም። እያንዳንዱ ቤት እንግዳ መቀበያው ውስጥ የሙታን መታሰቢያ ጠረጴዛ አለው፤ የአያት ቅድመ አያት ፎቶ፣ ፍራፍሬ፣ አበባ፣ የዕጣን ማስቀመጫ። ሰው የሞተበት ቀን በየዓመቱ ይታሰባል፤ ዘመድ ይጠራል፣ ይበላል። ተዝካር ለሚያውቅ ሰው ሩቅ አይደለም። ግን እዚያ ቤት ዕጣን ሲጨስ ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ለቡናው ነው፣ ለቤቱ ነው፣ ለመልካም ሽታ ነው። ይህን ልል አፌን ስከፍት ጀበና አያያዝ ያስተማሩኝ አያቴ ፊቴ ድቅን አሉ። «ለአያቴ ነው» አልኩ።

ኖይ አቦሉን ሲኒ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። አልጠጡትም። ወስደው ከቤተሰቡ ፎቶዎች ፊት አስቀመጡትና አንድ የዕጣን እንጨት ለኮሱ። የእኔ አያት ቡና እዚያ ጭሱን እየለቀቀ፣ እኛ ውጭ ቶናውን፣ በረካውን ጠጣን። ኖይ ጎምዛዛነቱ ገረማቸው፤ ቡና ነው ወይስ ፍራፍሬ አሉ። ቹ ቱ በረዶና የታሸገ ወተት ጨመሩበት። እኔም ከእሳቸው ብርጭቆ ቀመስኩት፤ ይጣፍጣል።

ስጦታ ምን እንያዝ ለምትሉኝ መልሴ ይህ ነው። ውድ ነገር አያስፈልግም። ቤታቸው ተቀምጣችሁ የምትሠሩት ነገር ውሰዱ። ስትሰጡም ስትቀበሉም በሁለት እጅ ይሁን። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ መቀበል ላደገበት ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ኖይ ግን አይተው «እናትሽ አስተምራሻለች» አሉኝ። የመታሰቢያው ጠረጴዛ ባለበት ክፍል ስትተኙ እግራችሁ ወደ እሱ እንዳይዞር። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሌሊቱ አጭር ነው። ሰዉ በጊዜ ይተኛል፣ ከመንጋቱ በፊት ይነሣል። የወባ ትንኝ አጎበር ይሰቀላል፤ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር በደንብ ክተቱት። ዴንጊ የሚባለው ትኩሳት በቀን በሚነድፍ ትንኝ ስለሚመጣ ቀንም ቅባት ተቀቡ። የሚጠጣውን የታሸገ ወይም የተፈላ ውኃ አድርጉ። ገላችሁን ከመምሸቱ በፊት ታጠቡ፤ በሌሊት መታጠብ ያሳምማል ብለው አጥብቀው ያምናሉ፣ ይጨነቁላችኋል። ጀልባ ላይ መሃል ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ዋና ካልቻላችሁ የሕይወት ጃኬት ጠይቁ፣ አትፈሩ። ሰፈር ውስጥ ካራኦኬ ይኖራል፣ ድምፁም ከፍተኛ ነው። ማይክ ከሰጧችሁ ዝፈኑ። ወንዶች ከሆናችሁ የሩዝ አረቄ ይመጣል፤ ብርጭቆዋ አንድ ናት፣ በክቡ ትዞራለች። የማትጠጡ ከሆነ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ተናገሩ፤ መሃል ላይ ማቆም ይከብዳል።

ስለ መልካችን በግልጽ ልናገር። እዚያ መንደር እንደኔ ያለ ሰው ብዙም አይታይም። ሰው ቆሞ ያያል። ልጆች ሹሩባዬን ነኩ፣ አንዷ ጥቁረቴ ይለቅ እንደሆነ በጣቷ አሸት አደረገችኝ። ገበያ ላይ «ደን» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ሰማሁ፤ ጥቁር ማለት ነው። ሴቶቹ ራሳቸው በዚያ ሙቀት ጓንትና ጭምብል አድርገው ከፀሐይ ይሸሻሉ፤ ንጣት እንደ ቁንጅና ይቆጠራል። ቲም ቱም እጅጌ ረጅም ልብስ አምጥተው «እንዳትጠቁሪ» ብለው አለበሱኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከብዶኝ ነበር፣ ማታ አልቅሻለሁም። ለልጅቷ ነገርኳት። ለእናቷ አስረዳች። ቲም ቱ በማግስቱ ገበያ ክንዴን ይዘው ዞሩ። ቃሉን ያለ ሁሉ «ይቺ የእኔ ሃይ ናት» የሚል መልስ አገኘ። ቢሰማችሁ ለቤተሰቡ ንገሩ። ብቻችሁን አትያዙት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለአልጋና ለሁለት ማዕድ በቀን 400,000 ዶንግ ከፈልኩ፤ ያኔ ወደ 16 ዶላር። ዋጋውን በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ፣ ክፍያውን በመጨረሻው ቀን በፖስታ አድርጋችሁ ለእማወራዋ በሁለት እጅ ስጡ። የ20,000 እና የ500,000 ኖቶች ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። በመሸ ጊዜ እኔ ለአንድ ባለሞተር ትልቁን ሰጥቼ እሱው ነው የመለሰልኝ። በተለያየ ኪስ አስቀምጧቸው።

የመጨረሻዋ ማታ ፌብሩዋሪ 2 ነበረች፣ የወሩ 23ኛ ቀን። የምድጃው አምላክ የቤቱን የዓመት ወሬ ይዞ ወደ ሰማይ የሚወጣባት ማታ ናት። የኦቾሎኒና የሰሊጥ ከረሜላ ይቀርብለታል። ዓርብም ስለነበር ከረሜላው ለእኔም ሆነ። ኖይ ምድጃው ፊት ቆመው ረጅም ነገር አጉተመተሙ። መሃል ላይ «ሃይ» የሚል ሰማሁ። ልጅቷን ምን አሉ ብላት «ዘንድሮ በቤታችን ስንት ሰው እንዳለ እየነገሩት ነው» አለችኝ።

ጠዋት ቹ ቱ በሞተር መናኸሪያ አደረሱኝ። መንገዱ ግራና ቀኙ ቢጫ አበባ የጫኑ መኪናዎች ነበሩ። እሳቸው ከጫኑት ቅርጫት አብዛኛው ተሽጧል፤ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ሲኒዎቹንና ጀበናውን ለኖይ ትቼላቸዋለሁ።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አዲስ አበባ ስልኬ ጮኸ። የቴት ቀን ነው። ልጅቷ ፎቶ ልካለች። የነቀልነው ዛፍ አንድ ቅጠል ሳይኖረው ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሆኗል። ሁለተኛው ፎቶ የመታሰቢያው ጠረጴዛ ነው፤ ከፍራፍሬው አጠገብ የእኛ ሲኒ አለ፣ ቡና ተሞልቶበት። ከሥሩ «ቺ ሃይ፣ ኖይ በልተሻል ወይ እያሉ ነው» የሚል ጽሑፍ።

መተርጎሚያውን አልከፈትኩም። «ልጅ ገና አልበላችም» ብዬ በቬትናምኛ ጻፍኩ።